ባያድነንስ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
የጽዮን ማርያም ማግስት፣ ኅዳር 22

የኔ እናት፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ትናንት የጠየቅሽኝን በስልክ ልመልስልሽ አልፈለግሁም። አማትሽ አጠገብሽ እንደነበሩ ከድምፅሽ ገብቶኛል፤ እኔም ነገሩን ከመጽሐፉ ጋር ሳላስተያይ መናገር አልወደድሁም። የጠየቅሽኝ ሁለት ነው፦ «ስለቱን ምን ላድርገው?» እና «ከእንግዲህስ ምን ብዬ ልጸልይ?» ከመጀመሪያው ልጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነው።

አምና ቁልቢ ገብርኤል የተሳልሽው «ልጅ ብትሰጠኝ ታቅፌው መጥቼ ጥላና 10 ሺህ ብር አስገባለሁ» ብለሽ ነው። «ታቅፌው» ብለሻል። ፅንሱ መስከረም ላይ ታወቀ፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል በ11ኛው ሳምንት ወረደ። እንግዲህ ያልሽው ነገር አልደረሰም፤ ያልደረሰ ስለት ዕዳ የለበትም። «ፅንሱ እንደታወቀ ብታስገቢ ኖሮ ባልወረደ» የሚሉሽ ሐዘኑ ነው የሚያናግራቸው። ዘዳግም 23ም መክብብ 5ም ስለት አታዘግይ ይላሉ፣ እውነት ነው። ዘገየ የሚባለው ግን የደረሰ ስለት ሲያድር ነው። እዚያው ዘዳግም ላይ ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ሰው አይጠቅሰውም፦ ሳትሳል ብትቀር ኃጢአት የለብህም ይላል። ስለት የፈቃድ ነገር ነው፣ መልአኩም ቀብድ ተቀብሎ ዕቃ የሚይዝ ነጋዴ አይደለም።

በልብሽ «ሆነም አልሆነም አስገባለሁ» ብለሽ ከነበረ ግን ነገሩ ይለያል። ያ ያለ ቅድመ ሁኔታ የተገባ ቃል ስለሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ እንዳለ ክፈይ ሊሉሽ ወይም አቅምሽን አይተው በሌላ ሊለውጡልሽ ይችላሉ። ራስሽ አትፍረጂ፣ የእኔንም ፍርድ አትውሰጂ። ተበድረሽ ስለት እንዳታስገቢ ብቻ።

ብሩን በተመለከተ የአልትራሳውንዱና የመድኃኒቱ ዕዳ አላለቀም ብለሽኛል። መጀመሪያ እሱን ክፈይ። ጌታ በማርቆስ 7 «ቁርባን ነው» እያሉ ወላጆቻቸውን ከመርዳት የሚያመልጡትን ገሥጿቸዋል፤ የቤትን ግዴታ በስለት ስም መዝለል ጽድቅ አይደለም። የተገዛው ጥላ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ በከፈትሽው ቁጥር ልብሽን አያድማው። ሲቀልልሽ ያለ ምንም ስለት፣ ስጦታ ብለሽ ለአጥቢያሽ ስጪው። ቁልቢ ካልደረሰ አይሆንም የሚልሽ ካለ አትስሚው።

ጉዞውን ደግሞ። ዘንድሮ ታኅሣሥ 19 አትሂጂ እልሻለሁ። በዚያ ቀን ግቢውን የሚሞሉት የስለት ልጆቻቸውን ክርስትና ሊያስነሱ አዝለው የመጡ እናቶች ናቸው። ከደንገጎ ዳገት ጀምሮ መንገዱ በእነሱ ይሞላል። ይህን ገና ሁለት ወር ሳይሞላሽ ማየት ፈተና ነው፣ ማንም ደግሞ አላዘዘሽም። ቤተ ክርስቲያኑ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው፤ ወር በገባ በ19 ወይም በአዘቦት ቀን ከባልሽ ጋር ሄዳችሁ ጸጥ ባለበት ቁሙ። አለመሄድሽ ክህደት እንዳይመስልሽ።

አሁን ወደ ዋናው። ታኅሣሥ 19 የሚከበረው ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ረጋ ብለሽ አስቢው። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከእቶኑ የወጡበት ነው። ዳንኤል 3ን አውጪና 17ኛውንና 18ኛውን ቁጥር አያይዘሽ አንብቢ። 17ኛው አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ያድነናልም ይላል። 18ኛው «ባያድነን» ብሎ ይጀምርና ባያድነንም ለምስልህ አንሰግድም ብሎ ይጨርሳል። ሁለቱን ያሉት እነዚያው ሦስት ልጆች በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ያሉትም እሳቱ ውስጥ ሳይገቡ፣ መልአኩን ሳያዩ ነው። በባጃጅ ጀርባ የሚለጠፈው «ያድነናል» የሚለው ነው፤ «ባያድነን» የሚል ባጃጅ በድሬዳዋ እስካሁን አላየሁም። ግን ያ ቃል ባይኖር ኖሮ የፊተኛው ውርርድ ይሆን ነበር። ስለት ሰሚው የምንለው የገብርኤል በዓል ራሱ የቆመው ልመናቸው ባይሰማም ከአምላካቸው በማይርቁ ሰዎች ታሪክ ላይ ነው።

የሐምሌ 19ኙም እንዲሁ ነው። ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከፈላው ጋን ውስጥ ሲጣሉ ገብርኤል ውኃውን አቀዘቀዘላቸው ብለን ሐምሌ ላይ እናከብራለን። ጥር 15 ደግሞ የእነዚያኑ የቂርቆስንና የኢየሉጣን ሰማዕትነት እናከብራለን። በጋኑ የዳኑት በሰይፉ አልዳኑም። ቤተ ክርስቲያን አንዱን ቀን ይዛ ሌላውን አልደበቀችም። የሐዋርያት ሥራ 12ን ስታነቢ ደግሞ አንዱ ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ ያስገድለዋል፣ ጴጥሮስን ግን መልአክ ከእስር ያወጣዋል። የያዕቆብ እናት ከጴጥሮስ ዘመዶች ያነሰ ጸልያ ነው የሚል አንድ ቃል እዚያ የለም። ለምን አንዱ ወጣ፣ ለምን አንዱ ቀረ የሚለውን ሉቃስ አልጻፈውም፣ እኔም አልጽፍልሽም።

ይህን ሁሉ የምልሽ እምነት ማለት ውጤቱን እርግጠኛ መሆን ነው የሚል ትምህርት ከየት እንደገባብን ስለማላውቅ ነው። «ካመንሽ ይሆናል፣ ካልሆነ አላመንሽም» ይሉሻል። ጌታ በጌቴሴማኒ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ ሦስት ጊዜ ጸለየ፤ ጽዋዋ አላለፈችም። ጳውሎስ የሥጋውን መውጊያ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልተነሣለትም፣ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። እነዚህን እምነት ጎደላቸው የሚል ሰው ካለ ከእሱ ጋር ቡና አትጠጪ።

ሰዎች የሚሉሽን ላንሣ፣ ዋናው ቁስል ከዚያ እየመጣ ይመስለኛልና።

«ለበጎ ነው» ይሉሻል። ሮሜ 8፥28 ነው። እውነት ነው፣ ግን ሐዘንተኛው ራሱ ጊዜው ሲደርስ የሚለው ቃል ነው፤ ለቅሶ ደራሽ ከበር ሲገባ የሚወረውረው አይደለም። ቃሉ በተጻፈበት ምዕራፍ፣ ከእሱ አስቀድሞ፣ ፍጥረት ሁሉ ይቃትታል፣ እኛም እንቃትታለን፣ መንፈስ ቅዱስም በማይነገር መቃተት ይማልድልናል ይላል። መቃተቱን ዘልለው ወደ በጎው የሚሮጡ ሰዎች ምዕራፉን ከመካከል ነው የጀመሩት።

«በኃጢአትሽ ነው» በግልጽ የሚልሽ የለም፤ «እስቲ ራስሽን መርምሪ» ብለው ያጠጋጉታል። የዮሐንስ 9ን መልስ ያዢ፦ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው እርሱ ወይስ ወላጆቹ ናቸው የበደሉት ሲሉት ጌታ ሁለቱንም አይደለም አለ። በሉቃስ 13 ደግሞ በሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች ራሱ አንሥቶ ከሌሎቹ የባሱ ኃጢአተኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠየቀ፣ አይደለም ብሎም መለሰ። ለድሬዳዋ ሰው ይህ ሩቅ አይደለም። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወሰደ። ዝናቡ የዘነበው ላይ ደጋው ላይ ነው፤ ታች ከተማው ውስጥ ደረቅ አሸዋ ዳር የተኙት ናቸው የተወሰዱት። የተወሰደውና የተረፈው በጽድቅ አልተለየም፤ ቤቱ ከአሸዋው ምን ያህል ይርቅ ነበር የሚለው ነው የለየው። ያንቺም እንዲሁ ነው። ከ3 ወር በፊት ከሚወርዱት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ ገና ሲፈጠሩ በክሮሞዞም ጉድለት የሚወርዱ እንደሆኑ ሐኪሞቹ ያውቃሉ። ጀሪካን ስላነሣሽ፣ ደረጃ ስለወጣሽ፣ ያን ሰሞን ከባልሽ ጋር ስለተጣላሽ አይደለም። ይህን ሌሊት ሌሊት እያነሣሽ ራስሽን አትክሰሺ።

«እግዚአብሔር ስለወደደው ወሰደው» የሚሉትን ዝም ብለሽ እለፊያቸው። መልካም አስበው ነው።

የኢዮብን ወዳጆች አስታውሺ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ ሠሩ። አፋቸውን ሲከፍቱ ተበላሸ። በመጨረሻው ምዕራፍ እግዚአብሔር የተቆጣው የተወለደበትን ቀን በረገመው፣ ከሰማይ ጋር በተከራከረው በኢዮብ ላይ ሳይሆን ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙ መስሏቸው በሚሰብኩት በእነሱ ላይ ነው፤ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር ስለ እኔ አልተናገራችሁም አላቸው። ለአማትሽ ግን ይህን አትንገሪያቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ነገሩን ሲያነሡ «እማማ፣ እስቲ ዳዊት ያንብቡልኝ፣ ድምፅዎ ያሳርፈኛል» በያቸው። ሥራ ሲያገኙ ምክሩን ይተዋሉ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ጸሎት ነው። «አፌ አልታዘዝ አለኝ» ብለሻል።

ግድ የለም። አንድ ነገር ለይልኝ፦ ለእግዚአብሔር መናገርና ስለ እግዚአብሔር ማጉረምረም አንድ አይደሉም። እስራኤል በምድረ በዳ የተወቀሱት በየድንኳናቸው ሆነው እርስ በርሳቸው ስላጉረመረሙ ነው፤ ዘዳግም 1 ላይ አለ። ዳዊት ከእነሱ የመረረ ቃል ተናግሮ ያልተወቀሰው ፊት ለፊት ስለተናገረ ነው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል መዝሙር 12፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 13 ተብሎ ነው የምታገኚው፤ የግእዙ ዳዊት ቁጥር ከ9 በኋላ በአንድ ስለሚያንስ አትደናገሪ። አጭር ናት። «እስከ መቼ» እያለች ትደጋግማለች፣ ከዚያ እየኝ ስማኝ ትላለች፣ በመጨረሻ በቸርነትህ ታመንሁ ትላለች። ስም መጥራት፣ አቤቱታ፣ ልመና፣ መታመን። እንዲህ አድርጊ፦ ማታ ባልሽ ከመተኛቱ በፊት ወይም ከተኛ በኋላ፣ ለ10 ደቂቃ ብቻ፣ ቁሚ፣ ከደከመሽ ተቀመጪ። ስሙን ጥሪ። የሆነውን በራስሽ ቃል ድምፅ አውጥተሽ ንገሪው፤ «ሐዘኔን ታውቃለህ» ብለሽ አትለፊው፣ 11 ሳምንት እንደነበር፣ ስም አውጥተሽለት እንደነበር ሁሉ ንገሪው። ከዚያ የምትፈልጊውን ለምኚ። መታመኑ ከመጣ በይው። ካልመጣ እዚያው ላይ አቁሚና አቡነ ዘበሰማያት ደግመሽ ተኚ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቤቱታውን ዘልሎ ወደ ምስጋናው ሲሮጥ ነው። ለሳምንት ያህል ያምርበታል። ከዚያ ጸሎቱ እንጨት እንጨት ይለዋል፣ ከዚያ ይተወዋል፣ እምነቴ ጠፋ ይላል። የጠፋው ግን ያልተነገረው ነገር ነው፤ ጉሮሮው ላይ ቆሞ ሌላውን ሁሉ አላሳልፍ ብሎታል።

መታመኑ ካልመጣ አቁሚ ስልሽ ደፍሬ አይደለም። መዝሙር 87ን (በአማርኛው 88) ተመልከቺ። አምላከ መድኃኒቴ ብሎ ይጀምራል፣ ቀንና ሌሊት ጮኽሁ ይላል፣ ነፍሴ መከራ ጠገበች ይላል፣ ወዳጅ ባልንጀራዬን አራቅህብኝ ብሎ እዚያው ጨለማው ውስጥ ያበቃል። ማጽናኛ የለውም። ይህን መዝሙር ማንም ከዳዊት ቆርጦ አላወጣውም። በሳምንቱ አከፋፈል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110 ስለሚነበብ 87 በየሳምንቱ ሐሙስ ይመጣል። ደስ ያለውም ያዘነውም ያነበዋል። አንቺም በደስታሽ ጊዜ ስንት ሐሙስ አንብበሽዋል፤ ለዚህ ቀን ሲጠብቅሽ ነበር።

የጸሎት ሰዓቱን ሰባቱንም ልጠብቅ ብለሽ አትነሺ፣ ትወድቂያለሽ፣ መውደቁም ሌላ ሐዘን ይሆናል። ጠዋትና ማታ ይበቃል። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ካልሆነልሽ 12 በይ፣ እሱም ካቃተሽ 3። ለንስሐ አባትሽ ይህን ያህል ነው የምችለው በያቸው፤ ልክ ያበጁልሻል። የማርቆስ 9ን አባት ጸሎት ደግሞ በአፍሽ ያዢ፦ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው»። ልጁን ለማስፈወስ ይህ በቅቶታል።

ሌላም አለ። ለሞተ ሰው ድንኳን አለን፣ ለቅሶ ደራሽ አለን፣ 40 አለን፣ ተዝካር አለን። ለወረደ ፅንስ ምንም የለንም፤ በሦስተኛው ቀን ሴቲቱ ወደ ሥራ ትመለሳለች፣ ማንም አልሞተባትም ይባላል። ለዚህ ነው ማልቀሻ ቦታ ያጣሽው። ሥርዓት ልፈጥር አይደለም፤ ግን ሁለት ሰው ምረጪና እውነቱን ንገሪያቸው፣ ከጽዋ ማኅበርሽ አንዷ ትሁን። በማርቆስ 2 ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው በጣሪያ አወረዱት፣ ጌታም «እምነታቸውን አይቶ» ይላል። የእነሱን እምነት። አንቺ ማመን ሲያቅትሽ እነሱ የሚያምኑልሽ ጊዜ ይኑር። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶችሽም ሆጃ አፍልተው ሲመጡ በሩን ክፈቺላቸው፤ የሐረር ሰው ሳያወራ መቀመጥ ያውቅበታል።

ደም ሲፈስሽ በነበረበት ሰሞን ከቅጥሩ ውጭ ቆመሽ ማስቀደስሽ ቅር ብሎሻል። እኔም ይገባኛል። ሥርዓት ነው፣ ቅጣት አይደለም። 12 ዓመት ደም ይፈሳት የነበረችው ሴት ከኋላ መጥታ ልብሱን ስትነካ ጌታ «ልጄ ሆይ» ብሎ ነው የጠራት። ካህን ሴትን አለመረዳቱም አዲስ ነገር አይደለም፤ ሐና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስታለቅስ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ነበር። እሷም በትሕትና አስረዳችው እንጂ ከቤተ መቅደሱ አልወጣችም።

ስለ ጾሙ። ደምሽ አንሷል ተብለሻል። የነቢያትን ጾም አለመጾም ለሕመምተኛ የተፈቀደ ነው፣ ንስሐ አባትሽን ጠይቀሽ እሺ ካሉሽ ብዪ፤ እንቁላልና ሥጋ ነው የሚያነሣሽ። ልጹም ካልሽ ምስርና ጎመኑን አብዢ። የአይረን እንክብሉን ከቡናም ከሻይም ጋር አትዋጪ፣ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክሉታል፤ በሎሚ ወይም በብርቱካን ዋጪው፣ ቡናውን ከሁለት ሰዓት በኋላ ጠጪ። ሐረር ተቀምጦ ይህን መከልከል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ ያዢ፤ መድኃኒቱን ጥለሽ ነይ የሚልሽን አጥማቂ ተይው። ክታብ ልጻፍልሽ የሚልሽንም፣ በአዳራሽ ብር ዝሪ የሚልሽንም እንዲሁ። ያዘነች ሴት ገበያ መሆኗን የሚያውቁ አሉ።

ከእንግዲህ ሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ እንቢ ካለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ወይም ባልኖርሁ የሚል ሐሳብ አንድ ጊዜም ቢመጣብሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ለባልሽ ንገሪና ሆስፒታል ሂዱ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ነፍሴን ውሰዳት ሲል እግዚአብሔር ስብከት አልላከለትም፤ እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውኃ ነው የላከለት፣ ያውም ሁለት ጊዜ።

ባልሽን አትርሺው። እሱን የሚያጽናናው የለም፤ ሁሉም «እሷ እንዴት ናት» ነው የሚለው። አንድ ቀን «አንተስ?» በይው።

ልጅ ትወልጃለሽ አትወልጅም አልልሽም። ሐኪሙ ጊዜው ሲደርስ ሞክሩ ብሏችኋል፣ ሞክሩ። እንደገና ከወረደ ሁለታችሁም ተመርመሩ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም። እንደገና ስለት መሳል አለብኝ ብለሽ አታስቢ፤ ያለ ስለትም መለመን ይቻላል።

ግእዙና አማርኛው ጎን ለጎን ያለውን ዳዊት ልኬልሻለሁ፣ ነገ ጠዋት ከሚኒባሱ ሹፌር ተቀበይ። ኮቸሮና ሁለት ኪሎ ሎሚም አለበት። ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልክሽን አብሪው፤ እኔ እዚህ ከ81 እጀምራለሁ፣ አንቺ እዚያ። 87 ላይ ስንደርስ አልቸኩልም።

እናትሽ